የተጠባባቂዋ ደብተር

ቁጥሬ ሃያ ሁለት፤ ጓንቴ የሰው ቅሪት፣
አውራ ጣቱ ላይ ነው ያረፈው ስፌት።
አሰልጣኝ ቢረሳኝ እኔ ግን አልረሳም፤
ከወንበር ጥግ ሆኜ ሳልጽፍ አልነሳም።

መስከረም ሲጠባ ሜዳችን ጭቃ ነው፤
ከአዌቱ ማዶ ላም ነው የሚጠብቀው።
ሲፈን መስመር ይዛ ስትንሸራተት፣
ሩቅያ ከኋላ «ልቀቂያት!» ስትላት፣
ኩለኒ መሀል ላይ፣ እንደ አጂፕ ባጃጅ፣
ሾልካ የምታልፍ በአጥር ሥር፣ በደጅ፤
እኔ የበሩን መረብ በሲባጎ እሰፋለሁ፤
እያንዳንዱን ቀዳዳ በስሙ አውቀዋለሁ።

ኅዳር ላይ ሐዋሳ። በሶዶ አድርገን፣
ቅጥቅጥ ውስጥ ታጭቀን፣ ማስታወክ ይዞን።
ሦስታችን ባንድ ፍራሽ፤ ደሞዝ የሁለት ወር
«ይመጣል» ይሉናል፤ እናያለን በር በር።

ደብተሬ እንዲህ ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«አንደኛ ሳምንት፦ ዜሮ ለሁለት። ምሳ የለም።
ሦስተኛ፦ አንድ እኩል። ሲፈን፣ በግንባሯ።
ስድስተኛ፦ ድል። ሩቅያ፣ በግራ እግሯ፤
ከጎሉ በኋላ ለምን እንዳለቀሰች
ጠይቄያት ነበረ፤ ‹ላብ ነው› ብላ ሳቀች።»

የካቲት ላይ ስልክ፤ ለኩለኒ ብቻ፤
ግጥሚያው የሰው አገር፣ የማጣሪያ ዘመቻ።
ባንዲት ስልክ ዙሪያ አሥራ ሰባት አንገት።

ኩለኒ መታቻት፣ ኳሷ ሽቅብ ሄደች፣
ኔትወርኩ ጠፋና አየር ላይ ቀረች።
አራት ደቂቃ ሙሉ፣ አገር ይዛ በሆዷ፣
ሳትወርድ፣ ሳትገባ፣ ሳይለይ መንገዷ።
ምስሉ ሲመለስ ግን የሚጨፍሩት ሌሎች፤
ሣሩ ላይ ተቀምጠው የእኛዎቹ ልጆች።

ስትመለስ የያዘችው፦ የሆቴል ሳሙና፣
የባላጋራ ማልያ፣ ላብ ያለበት ገና።
በርጩማ ጠራቢው አባቷ፣ ሳሙናውን አሸተተና፣
«በዚህ ነው ያጠቧችሁ?» አላት በትሕትና።

ሐምሌ። የዓለም ዋንጫ፣ ጠዋት፣ በቪዲዮ ቤት፤
ሂርማታ፤ አሥር ብር፤ ባለቤቱ በእንቅልፍ ፊት
«የወንዶቹ መቼ ነው?» ይላል ሲከፍትልን።
ቆርቆሮውን ዝናብ፣ ዝናቡን እኛ በለጥን።
የእኛ ባንዲራ የለም። ስለዚህ ተካፈልን፦
ሲፈን ቢጫዎቹን፣ ሩቅያ ሰማያዊዎቹን።
እኔ በረኞቹን። ኳስ ስትርቅ ከእነሱ፣
ካሜራው ጥሏቸው ቋሚውን ሲዳስሱ፣
ማንም አያሳየኝም፤ እኔ ግን አያለሁ፤
ጓንት ላይ ሲተፉ ምራቁን አውቃለሁ።

ጳጉሜን ላይ ደሞዙ መጣልን፤ ያንዱ ወር።
አሮጌውን ደብተር ገልጬ ዓመቱን ስደምር፣
አንድ ገጽ ዘልያለሁ። ሰኔ አሥራ አራት ነበር።

የመጨረሻው ቀን። ሁለት ለአንድ እየመራን፤
ነጥብ ይዘን ካልወጣን ከሊጉ ወረድን።
ሰማንያ አንደኛው ላይ የረውዳ ጣት ወለቀ፤
አሰልጣኝ ዞረና ስሜን ጠየቀ።

ገባሁ።

የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሬ መሀል አለፈች፤
መረቡ አዲስ ነበር፣ እዚያው ውስጥ ቀረች።
ሁለት እኩል።
ሁለተኛዋ መጣች፣ በዘጠናው፣ ከቀኝ፤
አላየኋትም እኔ፤ እሷ ናት ያገኘችኝ።
ጉንጬን መትታ ወጣች። ፊሽካ።
አንድ ነጥብ። ቀረን።
ልጆቹ ሩቅያን፣ ሲፈንን ተሸከሙ፤
ምላሴን ነክሼ ነበር፤ ጨው ጨው ይላል ደሙ።

ደብተሩ ላይ ለእኔ መስመር አልነበረም፤
ለሌሎች ስም ነበር ያሰመርኩት ሁሌም።
ዛሬ ማስመሪያ አጣሁ። በጓንቴ ጠርዝ ሳብኩት፤
ጠመመ። ይሁን ብዬ እንዲያው ጻፍኩበት፦

«ቁጥር ሃያ ሁለት። ዘጠኝ ደቂቃ።
አንድ ገባባት። አንዷ ጉንጯን አገኘች።
ስም፦ ዘይቱና አባ ጎሮ።»

አሰልጣኝ ከጠየቀ፣ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነው።