አንድ ቁንጥር

ከመናኸሪያው በታች፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ማዶ፣
ባሕር አለ ደብረ ማርቆስ፣ በመስታወት ታግዶ፤
ስፋቱ ሁለት ክንድ ነው፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ፣
ጥርስ በሚነቀልበት፣ በዚያ በመሥሪያ ቤቴ።

ዶክተር ሽባባው ነው ያመጣው፣ ከጅቡቲ ሲመለስ፤
"የታካሚ ዐይን ይረፍበት፣ ልቡም ትንሽ ይመለስ።"
ከመሣሪያ መቀቀያው ከተጣራችው ውሃ ቀንሰን፣
ጨዉን ግራም በግራም በመድኃኒት ሚዛን መዝነን፣
አሳደግናቸው። ኮራል የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤
ቅጠል የመሰሉ እንስሶች፣ አለት ላይ ነው ሥራቸው።
አንዱ የጅብ ጥላ ነው፣ ገጹ እንደ ቆዳ ሰፊ፣
በሺህ ትናንሽ ጣቶቹ ብርሃን ከውሃ ቀጣፊ፤
ሌላው መዳፍ ብቻ ነው፤ ይከፍታል፣ ይጨብጣል፣
ወንበሩ ላይ መርፌ የሚጠብቅ ሰው እጁን እንዲህ ያፍታታል።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው ሽበቱ የበቀለው፤
አረንጓዴ ሽበት! እንዲህ ያለ እርጅና ያየ ማነው?
መስታወቱ ላይ እንደ ላብ፣ አለቱ ላይ እንደ ፀጉር፣
ከጅብ ጥላው አንገት ሲደርስ እንደ ማተብ፣ እንደ ክር፤
የጅብ ጥላው ጣቶቹን ሰብስቦ አኮረፈ፣
መዳፉ እንደተጨበጠ ሳምንት አለፈ።

ዶክተር እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት እንደ ሙያው፣
"ድድ ነው፣ ያው ድድ ነው" ይላል፣ ብሩሹን ሲያመላልሰው።
ብሩሹ የሕፃን ነው፣ ለስላሳው፣ ጥንቸል ያለበት፤
እኔ በባዶ ሲሪንጅ የተነቀለውን ስስብበት፣
አንዲት ክር ካመለጠች ነገ መቶ ናት።

ሦስት የባሕር ቀንድ አውጣ ከሸገር አስመጣን፣ በምሳ ዕቃ፤
ዓባይን በአውቶቡስ ወርደው ዓባይን ወጡ።
ሁለቱ ደጀን ላይ ሞቱ። ሦስተኛዋ ነቃ ነቃ
እያለች ትልሳለች፤ አንዲት ምላስ ምን ልትበቃ።

ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ሁለት ሌሊት። ጨለማው ሽበቱን አመነመነው፤
ግን ፓምፑም አብሮ ቆመ፣ ውሃው ትንፋሽ አጠረው፤
እስኪነጋ በማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ መልሼ ሳፈሰው።
ነጋ። መብራት መጣ። በሳምንቱ
ሽበቱ ያው።

አያ ፈንቴ ከማቻከል፣ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ፣
ተራውን ሲጠብቅ አየው፣ መስታወቱ ላይ አፍጥጦ።
ፎጣውን ከአፉ ገለጥ አድርጎ፣
"ይኸ አረም አይደለም?" አለ።
"አረም ነው" አልሁት።
"ታርሙታላችሁ?"
"በየቀኑ።"
"አረም በመንቀል አያልቅም፣ ልጄ፤
ፍግ የሚጥልበት ሰው አለ።"

ዝም አልሁ።
ለዶክተር ያልነገርሁትን ለእናንተ ልናገር፦
ልጅ ሲመጣ፣ የእናቱን ቀሚስ አንቆ ሲንቀጠቀጥ ከበር፣
ከዓሣዋ ምግብ አንድ ቁንጥር አስይዘዋለሁ፤ "በል አብላት" እለዋለሁ።
ዓሣዋ ብቅ ትላለች፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፤
እሱም ሳያውቀው ይከፍታል።
እኔ የምፈልገው ያችን አፍታ።

ዓመት ሙሉ እንዲህ አስከፈትኋቸው፤
ማስተዋልን፣ ይታይሽን፣ የፖሊሱን መንትዮች፣
አንድ ቁንጥር፣ አንድ ቁንጥር።
የዚያ ሁሉ ልጅ ፍርሃት ከአሸዋው ሥር ወርዶ ኖሮ፣
አረንጓዴ ሆኖ በቀለ፣ እንደ ፍግ በስብሶ አድሮ።

ነገርሁት። ብሩሹን ከውሃ አወጣ፣ አራገፈው።
አልተቆጣም።
"እንግዲህ ምን ልትሰጫቸው ነው፣ ትሁኔ?" ብቻ አለኝ።

ሦስት ሳምንት እጃችንን ሰበሰብን።
አንድ ጧት የጅብ ጥላው ስስ ቆዳ ገፎ ጣለ፣
ከነሽበቱ፤ ሰም የመሰለ።
"ሰሙን ጣለ!" አለ ዶክተር። ጎጃሜ ነው፣ ምን ያድርግ፣ አልቻለም።
ሥሩ ግን ወርቅ አልነበረም፤
ቡናማ ነበር፣ ደኅና ቡናማ፤
ጣቶቹን አንድ በአንድ አወጣ።

ትናንት ከሉማሜ አንዲት ልጅ መጣች፣ ከነለቅሶዋ።
ሁለት ጣቶቿን ይዤ ቁንጥር አሠራኋቸው፤
በመሐላቸው ምንም የለም።
"በይ ጣይላት" አልኋት። ጣለች።
ዓሣዋ መጣች፣ አፏን ከፈተች።
ልጅቷም ከፈተች።

እስከ መቼ እንደሚያዋጣኝ እንጃ፤
ከሁለት አንዷ
እስክትነቃብኝ።