የአምስት ሳንቲ ጥልቀት

ከሽምብጥ ወደ ሐይቁ፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ፣
መንገድ ተነጠፈ፤ ከስኳር አተላ፣
ከእምቦጭ አመድ ጋራ፣ ከቀለጠ ሃይላንድ፤
ሁለት መቶ ሜትር፣ የሙከራ መንገድ።
ሃይላንዱ የሠርግ ነው፤ ሐይቁ ዳር መናፈሻ
ፎቶ ሲነሱ ሚዜዎቹ የጣሉት፣
ልጆች በጆንያ ለቅመው በኪሎ የሸጡት።
የባጃጅ ልጆቹ ስሙን «ሰላጣ» አሉት፤
«ሰላጣው ጋ ወራጅ!» ይጮኻል በጠዋት።

አንሙት ወሬው ደርሶት ሦስት ቀን ዝም አለ።
ዓሣ አጥማጅ ነው እሱ፤
ሁለት መረቡን እምቦጭ የበላበት፣
በዘመቻው ጊዜ እስከ ደረት ገብቶ ሲነቅል የዋለ፣
የነቀለው ክምር ከዳር ሲበሰብስ
ጎርፍ መልሶ ወስዶት ሲለመልም ያየ።
አበባው ያምራል ደግሞ፣
ሐምራዊ፣ እንደ ሐር፤
እሱ ነው ይበልጡን አንጀት የሚያሳርር።

በሰኔ መባቻ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
መቅዘፊያውን ይዞ ደረሰ ከሥፍራው።
አልረገጠውም ግን።
ጭቃው ጠርዝ ላይ ቆሞ ጎንበስ አለና
ዘንጉን ሰደደበት፣ እንደሚለካ ጣና።
ቋ! አለ።
ደገመው።
ቋ!

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለችው ይታይሽ፣
የቤተ ሙከራ ልጅ፣
ፕላስቲክ ስታቀልጥ አውራ ጣቷ የተላጠ።
«ጥልቀቱ ስንት ነው?»
«አምስት ሳንቲ።»
ሳቀ፤ ትከሻው እየተናጠ።
«አሥር ዓመት ቀዘፍኩት ወለሉን ሳላገኝ፤
አምስት ሳንቲ ኖሯል፣ ለካ፣ ያስለቀሰኝ!»

«ገና ነው» አለችው፤ «ክረምት ይፈትነው።
ሬንጁም አልቀረም፣ ቀነስነው እንጂ ነው።
ያው፣ በምሥራቅ ጥጉ እንደ ቆዳ ተልጧል፤
ጭነት መኪና ይምጣ፣ ያኔ ጉዱ ይወጣል።»

«ሐይቁ ላይ ያለውስ? ጎርጎራ ያደርሳል?»

«ጎርጎራን ያልፋል እንጂ፤
ግን ማን ይነቅለዋል?»

መልስ አልሰጣትም።
መዳፉን ገለበጠ፤ ስንጥቁን አየና
አጠፈው እንደገና።

ከዚያ አንድ እግሩን ሰደደ፣ ታንኳ እንደሚሳፈር፣
ሚዛኑን ጠብቆ፣ ይከዳኝ ይሆን ሲል።
አልከዳውም።
ሁለተኛው እግሩ ከጭቃው ሲነቀል
ከኋላው ጡሩምባ፣
ከኋላው የባጃጅ ልጅ፦
«አባት፣ ጥግ ያዙልን!
ሰላጣው ጋ ወራጅ!»