ሰም፣ ብር፣ ማር

ዓፉላ፣ እሑድ ጧት፣ የክሊኒኩ ወንበር ሳይሞላ፣
አዝመራ ገባች፣ የሰባት ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ።
«ዓርብ ለሰንበት ያፈላሁት ውኃ፤ ክዳኑ ላልቶ ነበር፣
እኔው ነኝ የረሳሁት፤ ከኔ ሌላ ሰው አልነበር።»

ፎጣውን ስገልጠው እግሩ ነጭ ተለስኗል፤
የጥርስ ሳሙና ነው፣ በላዩም እንቁላል ደርቋል።
ጎረቤት ያዘዘው። አልተቆጣኋትም፤
ድንጋጤ ሐኪም ነኝ ሲል ጓዳ ያለውን እንጂ የሚበጀውን አያይም።
በለብታ ውኃ አጠብኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ብዙ ቆይቼ።
እሱ ጣሪያውን ያያል።
እሷ ግድግዳውን።

እኔም አንድ ጊዜ፣ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣
የዳቦ ቤቱን የአቶ ይርዳውን ክንድ በደረቅ ፋሻ ጠቀለልኩት።
በማግስቱ ስስበው አዲሱን ቆዳ ይዞ መጣ።
ሽማግሌው አልጮኸም፤ ላብ ብቻ ከግንባሩ ወጣ፤
«ልጄ፣ ፋሻሽ ወደደኝ መሰል፣ ያለ እሱ አልሄድም አለ» ብሎኝ ሳቀ።
ከዚያ ወዲህ ነው እጄ ሳይጠቀልል መጠየቅ ያወቀ።

ቁስሉን እጠይቃለሁ። ታለቅሳለህ? ደርቀሃል? ስነካህ ያምሃል?
ያመመው ይሻላል፤ ምንም የማይሰማው ቃጠሎ ጠልቋል፣
ነርቩን በልቶታል።
ዝም ያለች እናት ሳይም እንዲሁ እሰጋለሁ።

ለሚያለቅሰው ስፖንጅ አለኝ፣ እንባውን የሚመጥ፤
ለጎድጓዳው፣ ከባሕር ሣር የተፈተለ ጥጥ፤
ብርም አለ፣ እንደ ጌጥ የማያበራ፣ ቁስል ላይ የሚጠቁር ብር፣
ዋጋው የከበደ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ በቁልፍ የሚኖር፤
ይወደዳል እንጂ፣
ለሁሉ ቁስል ብር መድኃኒት አይደለም።

ለኤልያቭ እግር ሰም የጠጣ መረብ መረጥኩ፤
ሥጋ ላይ የማይጣበቅ፣ ሲነሣም የማይጎዳ።
ቅኔ አዋቂ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ያወጣል፤
የኔ ሙያ ሌላ ነው፤ ሰሙን አልብሼ፣ ወርቁ
ከሥር እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ቆዳ ሆኖ እስኪመጣ
እጠብቃለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የቁስሉ ጠርዝ ሸተተኝ።
ዶክተር ራኒን ጎንበስ ብላ አየችው፣ «ድቫሽ» አለችኝ።
ወደ አዝመራ ሳልዞር ተረጎምኩላት፦ «ማር»።
አንዲት ቃል ብቻ። ዓይኔ ግን ልጁ ላይ ነበር፤
ለሱ የተናገርኩ መሰላት፣ እንደምለምነው፣ እንደማዘው።
አፏን በእጇ ያዘች።
የዶክተሯ ቃል ውስጥ ያለው ጣፋጭ ብቻ ነው፤
በኛ አፍ ግን ከቀፎው ሥር ሌላ ነገር አለ፣ የሚያስለቅሰው።

ልጁ ከአማርኛ የሚያውቀው የወጥ ቤቱን ያህል ነው፤
«ማር? እግሬ ላይ? ልልሰው?» አለ፤
በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት፣ አንዱ ወልቋል።

ቀባሁት፣ ሸፈንኩት፣ ጣቶቹን ክፍት ተውኩ።
«ሁለት ቀን አትፍቺው፤ ውኃ አይንካው፤ ካተኮሰው ደውይ።»
ራሷን ነቀነቀች። ወጣች። ከበሩ ተመለሰች፤
ልጁ ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግሩ እየዘለለ ንጣፉን ይቆጥራል።

«ጠባሳው ይቀራል?»
መዋሸት አልፈለግሁም። «ትንሽ ይቀር ይሆናል።»

እሱ ነው የመለሰላት፤ ቁጥሩን ሳያቋርጥ፣
ስለ ተረሳ ኳስ እንደሚያወራ ሁሉ፣
ዞር ብሎም ሳያያት፦
«ይቅር።»