ሁለት ጆሮ

ሃይኑቭካ ቄራ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት፣
ቆሜ እጠብቃለሁ ከጓሮው በር ፊት።
ሥጋው ለነጋዴ፣ ቆዳው ለፋብሪካ፣
ለእኔ የሚደርሰኝ ውሻም የማይነካ፦
ባቄላ የሚያህል የእንቁላል ከረጢት፣
ገና ያልተረዳ የላሚቱን ሞት።

ፔርሙሱ ውስጥ ውሃ፣ ጨው ጣል የተደረገ፣
ለብ ያለ፣ የላም ሆድ ነኝ ለማለት የፈለገ።
«ቢግል ይቀቀላል፣ ቢበርድም ይሞታል»፣
ያድቪጋ ይህንን ሺህ ጊዜ ነግራኛለች፤ አሁንም ትለኛለች።
ከጎኔ አስቀምጬ ቀበቶ አስርለታለሁ፣
ስድሳ ኪሎ ሜትር በረዶ ላይ እነዳለሁ።
እንቁላል በእግሩ መሄዱ ቀረና
የእኔው ይጓዛል በአሮጌ መኪና።

አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር፣ ጥዱ ያዘነበለበት፣
መሪውን ሳላስበው ጠበቅ የማደርግበት፣
እዚያ ነው የገጨኋት፣ አምና በኅዳር ወር፤
እኔ ፍሬን ያዝኩኝ፣ አልያዘኝም ምድር።
አሮጊት የዱር ጎሽ፣ ጺሟን አመዳይ ያለበሰች፣
አስፋልቱ ላይ ተኝታ ፊቴ ላይ ተነፈሰች።
የትንፋሿ ጉም ጉንጬን እየዳሰሰ፣
ቀጥሎ ሌላው መጣ፣ ያነሰ፣ ያነሰ።

ደወልኩ። ሰዎች መጡ። አንዲት ሴት ከመሃል
ጆሮዋን ጫፉን ቆረጠች፣ ጥፍር የሚያክል።
ያድቪጋ ነበረች። በባትሪ እያየች፣
«ይቺን ካተረፍናት» አለች፣ «ሙሉ አልሞተች።»
ስሜን ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃዴን መስሎኝ አወጣሁ።
በሳምንቱ ሥራዬን ለቅቄ የእርሷን ፔርሙስ ያዝሁ።

ቢያሊስቶክ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዐይኗን ከማጉያው ላይ
ሳታነሳ ትሠራለች፤ እኔ ከዳር ቆሜ ሳይ
ፀጉር በመሰለ መርፌ አስኳሉን መጠጠች፣
ግድግዳውን ሳትነካ ባለቤቷን አስወጣች።
ከጆሮዋ ቁራጭ፣ ናይትሮጅን ካቆየው፣
አንዱን ህዋስ ወስዳ ባዶው ቤት አስገባችው፣
በኤሌክትሪክ ንዝረት በሩን ዘጋችው።

«ታዲያ ይህ የማን ልጅ ነው?»
«ምድጃው የላሚቱ ነው፤ እንጨቱም፣ ክብሪቱም፤
እንግዳዋ ከስሟ ሌላ ይዛ የመጣችው የለም።»

ሰኞ ሁለት ሆነ።
ማክሰኞ አራት። ያድቪጋ ሻይ ቀዳችልኝ፣
ስኳሩን ረስታ፣ በአራት ጣቷ አሳየችኝ።
ረቡዕ ስምንት።
ሐሙስ ስምንት።
ዓርብ ስምንት።

«እስካሁን ቤቱን ይዛ ያናገረችው ላሟ ናት፤
ከስምንት ወዲያ ተራው የጎሿ ነው፤ ቤቱ ግን አልሰማት።
ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ቋንቋቸው ለየቅል ነው።»
ብርጭቆዋን አነሳች፣ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።
እኔንም አሳየችኝ። ስምንት የብርሃን ፍሬዎች፣
ተቃቅፈው የቆሙ፣ ውርጭ እንዳገኛቸው ልጆች።
ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ እሰማ ነበር፤
ልጓሙ የላም ሲሆን ምን ይሆናል ዘር?

ቅዳሜ ቄራ ነኝ። ከበሩ ሥር አንድ ባልዲ አለ፣
ስንት ወር ሙሉ ዐይኔ ያላየው፣ እግሬ ግን የዘለለ።
የላም ጆሮ ሞልቶታል፤ ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር
በያንዳንዱ ተሰክቷል፣ ገና ሳይነቀል ከሥር።
ከእነዚህ አንዷ ናት እሳቷን የሰጠች፣
ማንም «ይሁን ወይ?» ሳይላት ቤቷን የለቀቀች።
የጎሿ ጆሮ በናይትሮጅን፣ በቀን፣ በፊርማ፣
የእርሷ በባልዲ፣ በጨለማ።

ሠራተኛው ጠራኝ። ፔርሙሱን ተቀበልኩት።
አሁንም ሞቃት ነው። ቀበቶ አሰርኩለት።
አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ጋ ዳር ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤
ሞተሩን ግን፣ እንዳይበርድበት ብዬ፣ አላጠፋሁ።