የማይፈሰክ ጾም

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ከቅዳሴ መልስ
ነጠላችን በካፊያ እስኪከብድ ሲርስ፣
የሆጤን ቁልቁለት ጭቃ እየለቀምን
ጧፍ ጠፍቶብን መጣን፤ ከደጃችን ቆምን።

ውዴ የጋኑን አፍ ምርጊት ስታነሣ
ሽታው ስሜን ጠራኝ፣ እኔን እንዳልረሳ።

ደርበው፣ አማቼ፣ ዋዜማውን መጣ፤
ሁለት ሣጥን ቢራ ከባጃጅ አወጣ።
ከኮምቦልቻ ነው፣ ከፋብሪካው አጠገብ፣
ነፋሱም እንደ ሰው ብቅል የሚመገብ።
«ክርስቶስ ተነሥቷል! ብርጭቆም ይነሣ፤
ለሁለት ወር ጥምህ ዛሬ ውሰድ ካሳ።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲወደኝ ነው።
ለጠላት እምቢ ማለት ይቀላል፤
ወንድም ጠላ ይዞ ሲቆም ነው የሚከብድ።
«አንዲት ናት» ይላል፣
«አንዲት ምን ታደርግሃለች?»

አንዲትን አውቃታለሁ።
ብቻዋን መጥታ አታውቅም፣
እኅቶቿን ከበር አቁማ ነው የምትገባ፤
አንድ ስም ጠርተህ ታስገባታለህ፣
ቤቱን ሞልተው ያድራሉ፣
ሲነጋ አንተ ነህ እንግዳው።

ያምና ፋሲካ ለት
«ቆዳ ያለው!» እያለ ልጅ ሲያልፍ በሰፈር፣
የበጉን ቆዳ ይዤ ብቅ ብዬ ነበር።
ከበር እስከ መንገድ መቶ እርምጃ አይሞላ፤
የተመለስኩት ግን ከሦስት ቀን በኋላ፣
ያለ ቆዳው፣ ያለ ገንዘቡ፣ ባንድ እግር ጫማ።
ሌላውን እግር ያገኘችው ልጄ ትርንጎ ናት፣
ከሰኞ ገበያ ቱቦ አጠገብ።
በፌስታል ይዛው መጣች፣
አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤
አንድም ቃል አልተናገረች።
ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሃምሳ አምስቱን ቆጥሮ አገሩ ፈሰከ፤
ወጡ ተጨለፈ፣ ዳቦ ተባረከ።
የእኔ ጾም ግን ሌላ፤ አሥራ አንድ ወር አለፈው፣
ባሕረ ሐሳብ የለም መፍቻውን የጻፈው።
አበቅቴ ቢቆጥሩ፣ መጥቅዕ ቢደምሩ፣
ለዚህ ጾም ፋሲካ የለም በቀመሩ።

ረፋድ ላይ ጋሽ ይመር ከነባለቤታቸው
«እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ከተፍ አሉ።
ውዴ ለእነሱ የለየችው አለ፦
በራሳቸው እጅ የታረደ ዶሮ፣
በሰማያዊ ጆግ ቀሪቦ።
ከደርበው ጎን ተነሣሁና
ከእነሱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።
«ሰለምክ እንዴ?» አለ ደርበው።
ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ጆሮዬ ግን ጋለ።
ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ፤
«ቀሪቦ ሃይማኖት የለውም፣
ስኳር ብቻ ነው ያለው» አሉና ቀዱልኝ፣
በግማሽ።
በበዓል በግማሽ አይቀዳም፤ ወጉ እስከ አፉ ነው።
ለካ እጄን አይተውታል።
ደግመው በግማሽ፣ ደግመው በግማሽ፣
ሌላ ወሬ እያወሩ፦
ስለ ሐይቅ መንገድ፣ ስለ በግ ዋጋ፣
የሚንቀጠቀጥ ነገር እንዳላዩ።

ጀግና አልሆንኩም።
ያ ሽታ እስከ ማታ ስሜን ሲጠራ ዋለ፤
እኔም «አቤት» እንዳልል
ምላሴን ነክሼ ዋልኩ።

ሲመሽ
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ላይ ቆመ።
ደርበው ሶፋው ላይ ያንኮራፋል፤
ከእግሩ ሥር አንድ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ።
ማንም አላየውም። እኔ አየሁት።
ነፋስ ልቀበል ብዬ
(ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነው)
ጫማዬን ፈለግኩ።
ከበር ሥር የለም። ካልጋ ሥር የለም።
ትርንጎ ተኝታለች፤ የተኛች መስላለች፤
ከብርድ ልብሷ ጠርዝ የጫማዬ ክር
አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል።

እንዳላየሁ ሆንኩ።
ፍለጋዬን ቀጠልኩ፣
ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
«የት ጣልኩት?» እያልኩ፣
እንድትሰማኝ፣
በባዶ እግሬ፣ ቤት ውስጥ፣
እስኪነጋ።