ማክሰኞ

እውነቱን ልናገር፤ የመጣሁት ያኔ ሰዓት ልሞላ ነው፤
ሃያ ሰዓት ብቻ፣ በፊርማ የሚያልቅ፣ ኮርሱ የሚፈልገው።
በኤሪ ከተማ ሐይቁ በረዶውን አምጥቶ ሲያራግፍ፣
ከፓሬድ ጎዳና፣ ከጡቡ ምድር ቤት፣ ደረጃው ላይ ስደናቀፍ፣
ሚስ ዴልፊን ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤
ወረቀቴን ሳታይ መጥረጊያ ሰጠችኝ።
«ፊርማስ ሞልቶ» አለች፣ «እስክሪብቶም አላጣ፤
እኔን የቸገረኝ ተመልሶ የሚመጣ።»

ልጆቹ ስማችንን አይዙም።
ስንቱን ይዘው ጣሉ! በመስከረም መጥቶ፣
በኅዳር የሚጠፋ፣ ፎቶ ተነስቶ።
ስለዚህ በቀን ጠሩን፤ ረጅሙ ልጅ «ሰኞ»፣
እኔ ደግሞ «ማክሰኞ»።
«ማክሰኞ፣ እርሳሴ ተሰበረ!»
«ማክሰኞ፣ ዳንቴ ወንበሬን ወሰደ!»
ከግድግዳ ላይ እንደሚቀደድ ቅጠል፣
ማንም አያለቅስለት፣ በሳምንቱ ሌላ ይተካል።

ታቪዮን ግን፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጫማው ከእግሩ የሚሰፋ፣
ክፍልፋይ የሚባል ነገር ሲመጣ ጠረጴዛ ስር የሚጠፋ፣
አንድ ቀን ከዚያው ከተደበቀበት፣ የጫማዬን ክር እያየ፣
«ማክሰኞ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለ።
ቅሬታ የለበትም።
አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይመጣል እንደሚል ሰው፣
ለማወቅ ያህል ነው።

መልስ አጣሁ። ሃያው ሰዓት አልቋል፣ ፊርማው ኪሴ ውስጥ አለ።
በሚቀጥለው ማክሰኞ
ያለ ወረቀት መጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አይምሰላችሁ።
በዓመቱ ገንዘብ ለምኜ፣ መጻሕፍት በሣጥን አስጭኜ፣
«የንባብ ዘመቻ» የሚል ጨርቅ አሳትሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።
ሚስ ዴልፊን ጨርቁን አየች። «ማንን ጠየቅሽ?»
ማንንም።
ሣጥኖቹ ከቦይለሩ ጎን እስከ ፋሲካ ተደረደሩ።
እኔን ግን ወደ ሰፈሩ ስብሰባ ወሰደችኝ፣
ከኋላ ወንበር ላይ፣ «አፍሽን ዝጊና ስሚ» አለችኝ።

ሰማሁ።
የፈለጉት መጽሐፍ አልነበረም፤ መብራት ነበር።
አውቶቡስ ፌርማታው ጨለማ ነው፤ ልጅ ከዚህ አምሽቶ ሲመለስ
እናቱ መስኮት ላይ ትቆማለች፣ እስኪደርስ።
ደብዳቤ ጻፍን፣ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስን፣
ዶክተር ኪንሴላ ከኮሌጁ እየመጡ ፎርሙን አብረውን ሞሉ፣
ኩባያም አጠቡ።
አሥራ አራት ወር! አንድ አምፖል።
የበራ ለት ማንም አላጨበጨበም፤
ታቪዮን ከሥሩ ቆሞ ጥላውን ረገጠ፣
ከዚያ ቤቱ ሄደ።

ስሜን የጠየቀኝ በዚያው ሰሞን ይመስለኛል።
«እውነተኛው ስምሽ ማነው?» አለኝ፣ ክፍልፋዩን ከመሃል ትቶ።
«የትናየት።»
«ምን ማለት ነው?»
«እንዲህ ያለ ነገር የት ታየ፣ እንደ ማለት።»
እርሳሱን ነከሰ፤ እንደ ዳኛ ቆየና፣
«እዚህ ነዋ!» አለ። «ማክሰኞ ማክሰኞ።»

አባቴ ቃሉን ሲፈታ ከ«ማግስት» ይመዝዘዋል፤
የሰኞ ማግስት፣ ማክሰኞ።
ሰሙ የዕለት ስም ነው፣ ሲመሽ የሚረሳ፤
ወርቁ ማግስት ነው፣ ትናንት የተቀመጠ መጥረጊያ የሚያነሳ።
መምጣትማ ማንም ይመጣል፣ በር ክፍት ከሆነ፤
ማግስቱ ነው ሰው የሚጎድለው።

በግንቦት እመረቃለሁ። ታቪዮን ያውቃል፤
ቀኑን በራሱ እጅ ግድግዳው ላይ ጽፎታል፣
ከሥሩም፣ በቀይ፣ «ቁልፉን ለማን?» የሚል።

ዛሬ ግሬሰን የሚባል አዲስ ልጅ መጣ፣
በረዶ ከትከሻው እየረገፈ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣
«የት ነው የሚፈረመው?» አለ።
መጥረጊያውን ሰጠሁት።
ታቪዮን፣ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ጫማው ልኩ ሆኗል፣
ከጠረጴዛው በላይ ቀና ብሎ፣
«ሐሙስ፣ አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» አለው።

ቦይለሩ ጠፋ።
እሱም፣ እኔም፣ ሚስ ዴልፊንም ከበሩ ላይ፣
ምን እንደሚል ጠበቅን።