ሁለት ፊት

ሁለት ፊት ካለው ሰው ይሰውርህ ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤
ሜዲሲን ሃት መጥቼ ግን፣ ጣራ ላይ ወጥቼ
ሁለት ፊት ካላቸው ጋር ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ።
አንዱ ፊታቸው ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጣራ፣
ከላይ የወረደውን ከላይ ይቀበላሉ፣
ከታች የተመለሰውን ከታች።
ሐሜት የለም፤ ተንኮል የለም፤
ያለው መብራት ነው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ።
በልጅነቴ ቀለም አልገባ ብሎኝ፣
«አንተና ቀለም አትገናኙም» ነበር መምህሬ ያሉኝ።
ይኸው ተገናኘን፤ በባልዲ፣ በሮለር፣
ከጥፍሬ ሥር እስከ ቅንድቤ ጠጉር።

የቀባሁት ንጉሥ የለም፤ የቀባሁት ጣራ ነው፤
የአሮጌ ሸክላ ፋብሪካ፣ ሬንጅ የለበሰ፣
ብርሃን እየዋጠ፣ ሙቀት እያገሳ
ሃምሳ ክረምት የጨረሰ።
ጥቁሩ ክፉ ተበዳሪ ነበር፤ በልቶ ዝም።
ነጩ ግን ከፀሐይ የተበደረውን
ሳያድር ይከፍላል፤ ወለድ አይጠራቀም።

«ሁለት እጅ» አለን ሎርን ፕሩደን፣ አለቃችን፣
«አንዱ እጅ ለዓይን ነው፤ ሁለተኛው ለቆጣሪ።»
ባለቤቱ አጉረመረመ፦
«ፓኔል ለሚሸፍነው? ማን አጎንብሶ ሊያይ?»
ሎርን መልስ አልሰጠም። ባልዲውን ከፈተ።
ሳንድዊቹን በነጭ ጣቱ ቆርሶ በላ፤
እኛም ለምደነዋል።

መስታወቱም፣ ኤሌክትሪሺያኗ ጉርሊን እንደነገረችኝ፣
የራሱ ቀለም አለው፤ ከፀጉር የቀጠነ፣
ብርሃን እንዳያመልጥ አደራ የተባለ።
የኔ ቀለም ሥራው መመለስ፣
የሱ ቀለም ሥራው መመለስን መከልከል፤
እንደ ሁለት አማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው
አንዱ «ሂድ» ሲል ብርሃንን፣ ሌላው «ግባ» ብሎ ሲቀበል።

በመስከረም ማለቂያ፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣
ነፋሱ የሜዳውን አቧራ ከእርጥቡ ቀለም ሲያጣብቅ፣
በሰሜን ምሥራቅ ጥግ አሥራ አምስት እርምጃ ቀረኝ።
ባልዲው ሙሉ ነበር፤ የጎደለው ወገቤ ነው።
አንድ እጅ ቀባሁና ወረድኩ።
ማንም አላየኝ።

ፓኔሉ ተገጠመ፤ ብርዱ ገባ፤
በረዶ ጣለና አንድ እጁን ከሁለት እጁ ሳይለይ
ሁሉን እኩል ቀባ።
በነፃ። ያለ አለቃ። ያለ መሰላል።
ታኅሣሥን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤
እንዲህ ያለ የሥራ ባልደረባ የት ይገኛል!

ግን በዚህ አገር ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ አለ፤
አንድ ሌሊት መጥቶ በረዶውን አቀለጠ፤
እኔን አጋለጠ።

ጉርሊን ስክሪኗን አዞረችልን።
ሃያ ሦስቱ ረድፍ እኩል ይተነፍሳል፤
ሃያ አራተኛው ያነክሳል።
«ገመዱ ይሆን? መጋጠሚያው? ወይስ ወፍ?»
ሎርን ወደ እኔ አላየም።
ሁለት ፊት ነበረው ለካ፤
ባላዞረው ነው ያየኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሥራ ሳይገባ፣
የሮለሩን እጀታ አሳጥሬ
በሆዴ ተሳብኩ ከፓኔሎቹ ሥር።
እርግቦች አኩርፈው ወጡልኝ፤ ኩሳቸውን ፋቅሁ፤
ጠረግሁ፤ ሁለተኛውን እጅ ጀመርኩ።
ነጩ በሰፋ ቁጥር ብርሃን ከሥሬ ፈለቀ፣
እንደ ውሃ ጉንጬን ነክቶ አለፈኝ
ወደዚያ ወደ ጥቁር ሰማያዊው ጀርባ።
«ቀቢ ነኝ እንጂ ቀቢፀ ተስፋ አይደለሁም» አልኩ፤
በራሴ ቀልድ ስስቅ
ክርኔ ባልዲው ውስጥ ገባ።

ያኔ ከታች የጉርሊን ድምፅ፦
«ሃያ አራተኛው ምን ነካው? ጭራሽ ቀነሰ!»
«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ከሥሩ ተኝቼ ነው! ጥላዬ ነው!»
ዝም አለች።
መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ፤
የሎርን ቆብ በጣራው ጠርዝ ብቅ አለ።
ጥጉን አየ። ክርኔን አየ።
«ስትጨርስ» አለ፣ «ጥላህን ይዘህ ውረድ።»